ሠላሳ መበደር

ዘጠነኛ ክፍል በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት የሒሳብ መምህራችን የምታውቁትን ልወቅ ብሎ ፈተነን። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ክፍልፋይ እንጂ ሌላ አልነበረበትም። ከመካከሉ አምስት ሲቀነስ አሥራ ሁለት ስንት ነው የሚል ነበር፤ እኔ ሃያ ሦስት ብዬ ጻፍሁ። ሳልጠራጠር ነው የጻፍሁት። እንዲያውም አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ እርሳሷን እያኘከች ስታስብ ሳያት አዘንሁላት።

ወረቀቱን የመለሰልን ዕለት መምህሩ መልሴን ጮክ ብዬ እንዳነብ አደረገኝ። ክፍሉን ጢም ብለን ሞልተነው ነበር፤ ያለው ሁሉ ሳቀብኝ። ደብረ ማርቆስ ተወልዶ ያደገው ልጅ ሲስቅብሽ ለመሳቅ ብሎ ነው። እንደ አንቺው ከገጠር የመጣው ግን በእኔ አልደረሰም ብሎ ነው የሚስቀው፤ የሱ ይብሳል።

መምህሩ አልሳቀም። ከወሎ የመጣ፣ ትምህርቱን ገና የጨረሰ ቀጭን ወጣት ነበር። ዓርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ ስለሚወጣ የዓርብ ክፍለ ጊዜያችንን ጠዋት አስደርጎታል፤ ስለዚህ ዓርብ ዓርብ እንቅልፋችን ከዓይናችን ሳይጠፋ ሒሳብ ይጠብቀን ነበር። ወረቀቴን አገላብጦ ካየ በኋላ አጠገቤ መጥቶ የተሳሳትሁትን በጣቱ አሳየኝ። ኔጌቲቭ ሰባት መሆን የነበረበት ሃያ ሦስት፣ ኔጌቲቭ አራት መሆን የነበረበት ሃያ ስድስት፣ ኔጌቲቭ አንድ መሆን የነበረበት ሃያ ዘጠኝ ሆኗል።

«ሁሉም ላይ ሠላሳ ጨምረሻል» አለኝ። «ሠላሳውን ከየት አመጣሽው?»

«ከወሩ ተበድሬ» አልሁት።

ክፍሉ እንደገና ሳቀ። መምህሩ ግን ከክፍል ስንወጣ እንድቆየው ነገረኝ፤ ቆይቼም የአባቴን ነገር አጫወትሁት።

አባቴ ከጉንደ ወይን ራቅ ብላ ባለች አንዲት የገጠር ደብር መሪጌታ ነበሩ። መስከረም አንድ ቀን ቅዳሴው ካለቀ በኋላ በዐውደ ምሕረቱ ቆመው የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት የሚያውጁት እሳቸው ናቸው። ጾመ ነነዌ መቼ ይገባል፣ ዐቢይ ጾም መቼ ይያዛል፣ ፋሲካ መቼ ይውላል የሚለውን ከወረቀት አያነቡም። ሕዝቡ ፊት ቆመው፣ የግራ እጃቸውን የጣት አንጓዎች በአውራ ጣታቸው እየነኩ፣ ከዓመቱ ቁጥር ተነሥተው በቃላቸው ያወጡታል። በቀረው ዓመት ብዙ ሰው የማያስታውሳቸው ዝምተኛ ሰው ነበሩ። የዚያን ዕለት ግን ሕፃን እንኳ እንዲያለቅስ አይፈቀድም ነበር፤ እናቲቱ አፉን ይዛ ወደ ዛፎቹ ትወጣለች። አባቴ ዓመቱን በሙሉ ያችን ጠዋት ይጠብቃሉ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የሚቆጥሩት እንዲህ ነው። ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረውን የዓመተ ዓለሙን ቁጥር አሥራ ዘጠኝ አሥራ ዘጠኝ እየጣሉ ገድፈው ከተረፈው ላይ አንድ ሲያነሡ ወንበር የሚባለውን ያገኛሉ። ወንበሩን በአሥራ አንድ አባዝተው ሠላሳ ሠላሳውን ሲጥሉለት የሚቀረው አበቅቴ ነው፤ በአሥራ ዘጠኝ አባዝተው ሠላሳ ሠላሳውን ሲጥሉለት የሚቀረው ደግሞ መጥቅዕ። የአጽዋማቱና የበዓላቱ ቀን ሁሉ ከመጥቅዕ ይወጣል። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሠላሳ መሙላት አለባቸው፤ ካልሞሉ ቆጣሪው ተሳስቷል። ይህን የማያይ ተማሪ በአባቴ ዘንድ አርጩሜ ይቀምስ ነበር።

እኔን ማንም አላስተማረኝም። ተማሪዎቻቸውን ከቤታችን ጀርባ ሲያስጠኑ እኔ ጎመን እየቀነጠስሁ እሰማለሁ፤ ጆሮ ደግሞ ወንድና ሴት አይልም። ከሁሉ በፊት የያዝሁት የቀኑን አቆጣጠር ነበር። ጥቅምት አምስት ላይ ቆመህ አሥራ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ሂድ ብትባል አምስቱ አይበቃህም፤ ከወሩ ሠላሳ ትበደርና መስከረም ሃያ ሦስት ላይ ታርፋለህ። ወራችን ሁሉ ሠላሳ ስለሆነ ጳጉሜን መካከል ካልገባች በቀር አትስትም። ኔጌቲቭ ቁጥርን ሰባተኛ ክፍል ተምሬው ነበር፤ ለፈተና ሸምድጄው ከፈተናው ጋር ወጣ። ስቸኩል እጄ የሚሄደው ወደ አባቴ መንገድ ነው።

መምህሩ ይህን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ስሕተቴ ምንም ከማያውቅ ሰው ስሕተት እንደሚለይ፣ የትምህርት ሚኒስቴር ፈተና ግን ይህን እንደማይጠይቀኝ ነገረኝ። ለጨረቃም ለወርም የሚሆነው መንገድ ለሁሉ አይሆንም አለ። በዚያው ቀን በብጣሽ ወረቀት ላይ ጥያቄዎች ጽፎ ሰጠኝ፤ በማግስቱ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ሁሉም ቀላል ነበሩ። ቀላልነታቸው አናደደኝ፤ ጓደኞቼ አልጀብራ ሲጀምሩ እኔ ሦስት ሲቀነስ ስምንት ስል ልከርም ነው ብዬ አኮረፍሁ። መምህሩ ግን ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብሎ አለፈኝ።

የምኖረው አክስቴ ቤት ነበር። ጠዋት ጠዋት ቦኖ ወረፋ እይዛለሁ። የደብረ ማርቆስ ጠዋት እንዴት እንደሚቆረጥም ያየው ያውቀዋል፤ ጀሪካኔን ካስቀመጥሁ በኋላ ለመሞቅም ለማጥናትም ቆሜ እንጎራደዳለሁ። መሬቱ ላይ በእንጨት መስመር አሰምርና መካከሉ ላይ ዜሮ አደርጋለሁ። አምስት ወደ ቀኝ፣ ከዚያ አሥራ ሁለት ወደ ግራ። ዜሮውን አልፌ ስሄድ ቅር ይለኝ ነበር። ወረፋ የያዙት ሴቶች መስመሬን እየረገጡ ያጠፉብኛል፤ እኔም ለነገር የተፈጠርሁ ስለነበርሁ እጣላቸው ነበር።

ኔጌቲቭን የጠላሁት ስለከበደኝ አልነበረም። ጎደሎን ቁጥር ብሎ መጥራት ነውር መስሎ ታየኝ። በአባቴ አቆጣጠር ማንም ከምንም በታች አይወርድም፤ ሲያንስህ ወሩ አለልህ። ይህንኑ ለመምህሩ ነገርሁት። ጠመኔውን አስቀምጦ የመለሰልኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ሲጎድል ጎደለ ብለሽ ጻፊ» አለኝ። «ምን ያህል እንደጎደለ ካልጻፍሽው፣ ምን ያህል እንደሚሞላው በምን ታውቂያለሽ?»

ከፋሲካ በኋላ እጄ ወደ ሠላሳ መሄዱን ተወ። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ላይ ሒሳብ ከክፍሉ ከፊተኞቹ ጋር አስቆጠረኝ፤ ያች እርሳስ የምታኝከው ልጅም ከእኔ ጋር ካላጠናሁ ብላ ነበር። ደስታዬን የምነግረው አባቴን ነበርና ትምህርት ሲዘጋ ወደ ቤት ቸኮልሁ።

አባቴ ትምህርት ቤት መላኬን አልተቃወሙም፤ ግን ያላግጡ ነበር። እውቀት በአፍ የሚያድር እንጂ በደብተር የሚታሰር አይመስላቸውም። ደብተሬን ባዩ ቁጥር «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይሉኛል። ያን ክረምትም አምስት ሲቀነስ አሥራ ሁለት ኔጌቲቭ ሰባት ነው ብዬ ሳስረዳቸው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

«ከምንም በታች ምን አለ?» አሉኝ።

«ጎደሎ አለ፣ አባዬ።»

«ጎደሎማ ሞልቷል። ይቆጠራል ወይ ነው የምልሽ።»

ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ውሎ ነበር። ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠን እንደ ድሮው ልፈትናቸው ጀመርሁ፤ ልጅ ሆኜ ጥያቄውን ሳልጨርስ ነበር የሚመልሱልኝ። ሰባት ጊዜ አሥራ ዘጠኝ አልኋቸው። ያመጣሁት በዘፈቀደ አልነበረም፤ የሚመጣው ዓመት ወንበሩ ሰባት መሆኑን አስልቼ ነበርና ልኩራራ ፈልጌ ነው። አባቴ እጃቸውን አዩ። አውራ ጣታቸው የቀለበት ጣታቸው አንጓ ላይ ደርሶ ቆመ።

መቶ ሃያ ሦስት አሉኝ። የሚያሾፉብኝ መሰለኝ። ሠላሳ ሠላሳው ሲጣልለትስ ብላቸው ሦስት አሉ፤ አበቅቴውስ ብላቸው አሥራ ሰባት አሉ። አሥራ ሰባትና ሦስት። ሠላሳ አለመሙላቱን እስኪያዩ ጠበቅሁ። ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ ፊታቸው ምንም ሳይለወጥ፣ «ጥሩ አይደል?» አሉኝ። እሳቱን ልቆስቁስ ብዬ ጎንበስ አልሁ።

እናቴ ታውቅ ኖሯል። በማግስቱ ጌሾ ስትወቅጥ አጠገቧ ሄጄ ስጠይቃት ሙቀጫውን ሳትተው ነገረችኝ። ከፋሲካ ወዲህ አንድ ጊዜ በማክሰኞው ሰንበት ነው ብለው ለብሰው ወጥተዋል፤ መንገድ ላይ ደርሳ መልሳቸዋለች። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ጨዋታ አስመስላ ዛሬ ማርያም ናት፣ ከነገ ወዲያ ጊዮርጊስ ነው እያለች ቀኑን ትነግራቸዋለች። ለካ እሷም በራሷ መንገድ ስታስጠናቸው ነው የከረመችው።

«ሰው ፊት እንዳይወድቁብኝ ብቻ ነው የምለምነው» አለችኝ። «መስከረም አንድ ይለፍልኝ።»

እኔም ከዚያ ሌላ የምለምነው አልነበረኝም። ፋሲካ አይጠፋም፤ ከተማ ታትሞ በየግድግዳው ተሰቅሏል፣ ከተሳሳቱም ሌላ ካህን ያርመዋል። የፈራሁት ያችኑ መታረም ነበር። ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቋት ጠዋት፣ ሕፃን እንኳ ዝም በሚልባት ሰዓት፣ የገዛ ተማሪያቸው ተሳስተዋል ሲላቸው ታየኝ።

ሌላ ስለማላውቅ መምህሬ ያደረገኝን አደረግሁባቸው። በየቀኑ፣ ጥቂት ጥቂት፣ ከቀላሉ ጀምሬ። አስጠናዎታለሁ ብል በአርጩሜ ያባርሩኝ ነበርና ፈተና ስላለብኝ ይጠይቁኝ አልኋቸው። ጠያቂው መልሱን ማወቅ አለበት። እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እኔ እመልሳለሁ፣ አንዳንዴም ሆን ብዬ እሳሳታለሁ። ጠዋት ላይ ሲሆን አይለቁኝም ነበር፤ «ወዴት ትሸሻለሽ፣ ሠላሳ አልሞላም!» ይሉኛል። ያን ስሰማ ደስ ብሎኝ ለእናቴ ልነግራት እሮጣለሁ። ከቀትር በኋላ ግን ያው እጅ፣ ያው ጣት መንገዱን ይስታል። ፍልሰታ ጾም ላይ አንድ ቀን ሰባት ጊዜ አሥራ አንድ ስልሳ ሰባት ነው አልኋቸው። «ደግ» አሉኝ። ሌላ ጥያቄ እስኪያመጡ ድረስ የጋቢያቸውን ጥለት ስቆጥር ቆየሁ።

ጳጉሜን ስትገባ ተስፋዬ ተሟጠጠ። ከደብረ ማርቆስ ይዤው የመጣሁትን የኪስ ቀን መቁጠሪያ አምጥቼ ፊታቸው አኖርሁና የመጣው ይምጣ ብዬ ተናገርሁ። መጽሐፋቸው ውስጥ ቢይዙት ማንም አያይም፤ ጣታቸውን እንደ ልማዳቸው እያንቀሳቀሱ ከዚህ ላይ ሊያነቡት ይችላሉ አልኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ወረቀቱን በሁለት ጣት ይዘው ረጅም ጊዜ አዩት፤ ያን ጊዜ መርሳታቸውን እሳቸውም እንደሚያውቁት ገባኝ።

«ማንም አያውቅም ነው የምትይኝ?» አሉኝ።

«ማንም አያውቅም።»

«አንቺ ታውቂ የለ» አሉና መለሱልኝ።

ተናደድሁ። እልኸኛ ሽማግሌ ብዬ በሆዴ ሰደብኋቸው፤ እልኸኝነቱን ከማን እንደወረስሁ ግን አጥቼው አልነበረም።

የመስከረም አንድ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ነበር፣ መሬቱ ግን ጭቃ ነው። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ በዐውደ ምሕረቱ ተሰበሰበ። እናቴና እኔ በሴቶቹ በኩል ቆመናል፤ እናቴ የነጠላዬን ጫፍ ጨብጣ ይዛለች። አባቴ ወጥተው እንደ ወትሯቸው ጀመሩ። ድምፃቸው ያው ነው፤ ሰውም ጸጥ አለ። የዓመቱን ቁጥር ገድፈው ወንበሩ ሰባት ነው አሉ። እናቴ ተነፈሰች። በአሥራ አንድ አባዙት፣ ሠላሳ ሠላሳውን ጣሉ፣ አበቅቴ አሥራ ሰባት አሉ። ልክ ነው። ከዚያ በአሥራ ዘጠኝ ብለው ጀመሩና አውራ ጣታቸው ያችው የቀለበት ጣት ላይ ቆመች።

በመጀመሪያ ማንም ምንም አልመሰለውም። ሰው ጉሮሮውን የሚጠርግ ይመስላል። ቆየና አንዳንዱ ቀና ብሎ ያይ ጀመር። መቶ ሠላሳ ሦስት፣ መቶ ሠላሳ ሦስት እያልሁ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ፤ ከዚያ ርቀት ሊያዩኝ አይችሉም። መቶ ሃያ ሦስት እንዳይሉ ፈጣሪን ለመንሁ። ቢናገሩት ያልፍላቸው ነበር፤ ከሕዝቡ መካከል የሚከተላቸው ጥቂት ነው፣ እርማቱም ቆይቶ በጓዳ ይሆን ነበር። አባቴ ግን እጃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ወገኖቼ» አሉ፤ «ከዚህ በኋላ ያለው ጎድሎብኛል።»

ጎደለ ብለሽ ጻፊ ያለኝ የመምህሬ ቃል ያን ጊዜ ነው ወደ ጆሮዬ የመጣው፤ በሕዝብ ፊት እንዲህ ሲባል ምን እንደሚያስከፍል ግን መምህሬም የሚያውቅ አይመስለኝም።

«ልጄ፣ ነይ» አሉ አባቴ።

እናቴ ነጠላዬን ለቀቀችው። በወንዶቹ መካከል አልፌ ስሄድ አንድ ሁለት ሰው አጉረመረመ፤ መንገድ ግን ሰጡኝ። አጠገባቸው ስደርስ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ ከቤታችን ጀርባ ተማሪዎቻቸውን በሚጠይቁበት ድምፅ ጠየቁኝ።

«ሰባት ጊዜ አሥራ ዘጠኝ?»

«መቶ ሠላሳ ሦስት።»

«ሠላሳ ሠላሳውን ጣይው።»

«አሥራ ሦስት።»

«ከአሥራ ሰባቱ ጋር?»

«ሠላሳ ሞላ፣ አባዬ።»

እሳቸው ወደ ሕዝቡ ዞረው መጥቅዕ አሥራ ሦስት ብለው በሙሉ ድምፃቸው አወጁ። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ያውጃሉ። ነነዌ የካቲት አሥራ ስምንት፣ ዐቢይ ጾም መጋቢት ሁለት፣ ፋሲካ ሚያዝያ ሃያ ሰባት። ሲያልቅ እልልታው እንደ ሌላው ዓመት ወዲያው አልመጣም። የጀመረችው እናቴ ናት፤ ሌሎቹ ሴቶች ቆይተው ተከተሏት።

ከመውጣታችን በፊት አባቴ የደብሩን አስተዳዳሪ ጠርተው ከመጪው ዓመት ጀምሮ የሚያውጀው ከተማሪዎቻቸው አንደኛው እንዲሆን ነገሩ። አስተዳዳሪው ገና ነዎት እኮ ሊሏቸው ጀምረው ተዉት። እናቴ ድግሱን ልታቀራርብ ቀድማ ሄደች፤ እኔና አባቴ ቀስ እያልን ወደ ቤት ወረድን። እንዳላለቅስ ጥርሴን ነክሻለሁ። ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ መቋሚያቸውን ተክለው ቆሙ።

«ያ የእናንተ ጎደሎ ቁጥር» አሉኝ፤ «ከሰባት በታችም ይወርዳል?»

«ይወርዳል።»

«እስከ የት?»

መስመሩ ታየኝ፤ ቦኖው አጠገብ በእንጨት ያሰመርሁት፣ ሴቶቹ የረገጡብኝ። ወደ ግራ ቦታው አልበቃኝ እያለ ሁልጊዜ አጥሩ ጋ ነበር የምተወው። ልዋሻቸው ፈለግሁ፤ አንደበቴ ግን እንቢ አለኝ።

«ማለቂያ የለውም፣ አባዬ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። መልሱ ልክ ሲሆን ተማሪዎቻቸውን እንዲያ ነበር የሚያደርጉት።

«እንግዲያ ገና መጀመራችን ነው» አሉና፣ መንገዱ ያዳልጥ ስለነበር፣ ያን ግራ እጃቸውን ሰጡኝ።